ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ወይስ ዋርሃመር ፋንታሲ?

ጓደኞቹን ሰብስቦ ጠረጴዛ ዙሪያ የምናብ ጀብዱ መጫወት ያማረው ሰው በየቱ ልጀምር ብሎ ይቸገራል። ሁለቱም እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባህሪ ሆኖ የሚጫወትባቸው አንጋፋ ጨዋታዎች ናቸው፤ ደንጀንስ በ1974፣ ዋርሃመር በ1986 እ.ኤ.አ. ወጡ።

አደጋ፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። በደንጀንስ አምስተኛ እትም የወደቀ ጀግና ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይሞትም። በየተራው ባለ 20 ገጹን ዳይስ ይጥላል። ሦስት ጊዜ 10 ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ ተረፈ፤ ሦስት ጊዜ ከሳተ አለቀለት። መሐል ላይ ጓደኛው በአስማት ካከመው ብድግ ብሎ ይዋጋል። ዋርሃመር እንዲህ አይራራም። ክፉ ምት እጅ ወይም ዓይን ያሳጣል፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። ከሞት የሚያስመልጡ የዕጣ ነጥቦች አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው።

ኑሮ፦ በደንጀንስ መጠነኛ ኑሮ በቀን 1 የወርቅ ሳንቲም፣ የመኳንንት ኑሮ ቢያንስ 10 ያስወጣል። ብዙ ቡድን ግን ይህን ሕግ ዘሎት ያልፋል። በዋርሃመር የገጸ ባህሪህን ሙያ ዳይስ ሊወስንልህ ይችላል፦ መኳንንት፣ ለማኝ፣ ወይም ተናካሽ ውሻ ያለው አይጥ አዳኝ። እኔ ለአይጥ አዳኙ አዳላለሁ።

ታሪክና ዓለም፦ ደንጀንስ ብዙ ዓለማት አሉት፣ የራስህንም መፍጠር ትችላለህ። ዋርሃመር የድሮዋን ጀርመን የምትመስል አንዲት ጨለማ ግዛት ላይ ያተኩራል።

ወጪ፦ የደንጀንስ መሠረታዊ ሕጎች በነጻ ይገኛሉ።

ለጀማሪና ጀግና መሆን ለሚወድ ደንጀንስ ይቀላል። ገጸ ባህሪው ሲሞት የማያኮርፍ፣ በመከራ መሐል መሳቅ የሚችል ቡድን ካለህ ዋርሃመርን ሞክር።