የወንጀል ችሎት ዘገባ፦ ችሎት ተቀምጦ ወይስ ከመዝገብ?

ጊዜና ወጪ፦ ችሎት ቀን ይበላል፤ ልደታ ፍርድ ቤት በጠዋት ደርሰው ቀጠሮው ለሌላ ጊዜ ሊዛወር ይችላል። ለመዝገብ፣ ማለትም ለክሱና ለውሳኔው ሰነዶች፣ የሚያስፈልገው የኮፒ ገንዘብና ትዕግሥት ነው።

ስህተት፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ዳኛው ፈጥነው ሲያነቡ አንቀጽ ያመልጣል። ከሁሉ የከፋው «ይከላከል» የሚለውን ብይን «ጥፋተኛ ተባለ» ብሎ ማውጣት ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 142 መሠረት ብይኑ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ መልስ ያሻዋል ማለት ብቻ ነው። ተከሳሹ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) አሁንም እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፤ ስሙን ያጠፋ ርዕስ ደግሞ በማረሚያ አይመለስም። የብይኑ ግልባጭ ይህን ያጠራል። የክስ ቻርጅ (ዐቃቤ ሕግ ክሱን ያቀረበበት ጽሑፍ) ግን የአንድ ወገን ቃል ነው፤ ምስክሩ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲያመነታ አያሳይም።

ገደብ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(1) ችሎትን ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል። ለግል ሕይወት፣ ለሕዝብ ሞራልና ለአገር ደኅንነት ሲባል ግን በዝግ ሊታይ ይችላል።

ምስክር ሲሰማ ችሎት ይግቡ። ብይን፣ ፍርድና ቅጣት ሲሆን ግልባጩን ይጠብቁ። በእጅዎ ያለው ቻርጁ ብቻ ከሆነ «ዐቃቤ ሕግ በክሱ እንዳለው» ከእያንዳንዱ ውንጀላ ጋር ይግባ።