ዳግም የተቀዱት የኬት ቡሽ ዘፈኖች፦ ከአስር ወር በኋላ

የእንግሊዛዊቷን ዘፋኝ የኬት ቡሽን «ዳይሬክተርስ ከት» አልበም ከገዛሁ አስር ወር ሆነኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አስተያየቴን ጽፌ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማላምንበትን ነገር እጽፍ ነበር። ያኔ አልበሙን «ለምን አስፈለገ?» ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። አሁን ወደ መደርደሪያው የማይመለሱ፣ ማጫወቻው አጠገብ ተቀምጠው ከሚውሉ ጥቂት ሥራዎች አንዱ ሆኗል። ሁሉም ዘፈኖች ግን አይደሉም። ልዩነታቸውን ለመረዳት ወራት ፈጅቶብኛል።

አልበሙን ለማያውቅ፦ በግንቦት 2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን 11 ዘፈኖች አሉት። አራቱ ከ1989ኙ «ዘ ሴንሹዋል ወርልድ»፣ ሰባቱ ከ1993ቱ «ዘ ሬድ ሹዝ» የተወሰዱ ናቸው። ዋናው ድምፅ በሙሉ እንደ አዲስ ተዘፍኗል፣ ድራሙም በሙሉ እንደ አዲስ ተቀድቷል፤ ድራሙን የመታው ስቲቭ ጋድ ነው። ከቀሩት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከድሮው ቅጂ የመጡ ናቸው። ሦስቱ ዘፈኖች ግን ከዜሮ ተነስተው ነው የተሠሩት፦ «ዚስ ዉማንስ ወርክ»፣ «ሞመንትስ ኦቭ ፕሌዠር» እና «ራበርባንድ ገርል»። ሌሎች ዘፋኞች የድሮ ሥራቸውን የሚደግሙት አብዛኛውን ጊዜ የቅጂውን ባለቤትነት ለማግኘት ነው። የእሷ ምክንያት ድምፁ ነበር። «ዘ ሬድ ሹዝ» በዲጂታል መሣሪያ ተቀድቶ ስለነበር ድርቅ ያለ፣ ጆሮን የሚወጋ ጠርዝ አለው፤ ይህ ለዓመታት ሲከነክናት ኖሮ ሥራውን ወደ አናሎግ ቴፕ አዛውራ እንደገና ሚክስ አደረገችው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቸጋሪ ነበሩ። ጆሮዬ የለመደው ድምፅ ከፍ ብሎ የሚበር፣ ድንገት የሚፈነዳ ነው። እዚህ ብዙ ዘፈኖች ቶናቸው ዝቅ ብሏል። አልበሙ ሲወጣ 52 ዓመቷ ነበር። የድሮው ዘፈን ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ስደርስ ሰውነቴ ሳላዝዘው ይዘጋጃል፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሎ በሌላ መንገድ ያልፋል። ደረጃ አለ ብሎ እግሩን አንስቶ ሜዳ ላይ እንደሚረግጥ ሰው ነበርኩ። ሁለት ወር ያህል የማዳምጠው አዲሱን ዘፈን ሳይሆን ከአሮጌው የጎደለውን ነበር። ሁለቱን እያፈራረቁ ማጫወት ጥፋት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ለአንድ ወር ያህል የድሮዎቹን ሙሉ በሙሉ ትቼ አዲሱን ብቻ፣ ሌሊት ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁ። ያኔ ትንፋሿ ተሰማኝ፣ በቃላቱ መካከል ያለው ቦታም ተሰማኝ። በ1993ቱ ቅጂ ያ ቦታ በመሣሪያ የተሞላ ነበር።

አሁን ስለ «ዚስ ዉማንስ ወርክ» ልናገር፤ ሌላው ሁሉ ባይኖር ለዚህ አንድ ዘፈን ስል አልበሙን እገዛው ነበር። መጀመሪያ የተጻፈው ለ1988ቱ የጆን ሂዩዝ ፊልም ነው። ሚስቱ ምጥ ላይ ሆና ነገር የተበላሸበት ባል፣ ውጭ ቆሞ ሲጠብቅ የሚያስበው ነው ዘፈኑ። ያላላቸው፣ ያላደረጋቸው ነገሮች። የ1989ኙ ቅጂ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ ፒያኖ፣ ከዚያ ሕብረ ድምፅ፣ ከዚያ ጩኸት የሚመስል ከፍታ። የ2011ዱ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ የሚያጅበው እንደ ደወል ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ኪቦርድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ አንድ ሌሊት ሙሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ጠብቄያለሁ። በሩ ሲከፈት ሁሉ እንነሳለን፣ ነርሷ ለሌላ ሰው ትሆናለች፣ እንቀመጣለን። የ1989ኙ ዘፈን ሐኪሙ ወጥቶ «ሁኔታው ጥሩ አይደለም» ሲል ያለውን ቅጽበት ይዞታል። የ2011ዱ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰዓታት፣ ሰው መናገር አቁሞ ግድግዳ የሚያይበትን ጊዜ ነው የያዘው። እህቴም ልጇም ደህና ናቸው፤ ያንን ሌሊት የሚያውቅልኝ ዘፈን ግን ይህኛው ነው። በሦስተኛው ወር ነው ይህ የገባኝ፣ ያኔም ደግሜ ማጫወት አልቻልኩም።

«ሞመንትስ ኦቭ ፕሌዠር» ቀጥሎ ይመጣል። በሞት የተለዩ ወዳጆችን እያነሳ የሚያስታውስ ዘፈን ነው። የመጀመሪያው ቅጂ የማይክል ኬመን ትልቅ የኦርኬስትራ ቅንብር ነበረው፣ አዝማቹም ሙሉ ግጥም ነበረው። በአዲሱ ኦርኬስትራው የለም፣ የአዝማቹም ቃላት ተነስተዋል፤ በምትካቸው ኳየር አፉን ዘግቶ ያንጎራጉራል። ደፋር ውሳኔ ነው። ግጥሙን በቃሉ የሚያውቅ አድማጭ ቃላቱን በልቡ ይሞላቸዋል፤ ዘፈኑን መጀመሪያ በዚህ ቅጂ የሰማ ሰው ግን ምን እንደጎደለ አያውቅም። ስለዚህ ይህንን ዘፈን ቢያንስ አንድ ጊዜ ከአሮጌው ጀምራችሁ ስሙት።

«ፍላወር ኦቭ ዘ ማውንቴን» ታሪኩ ከዘፈኑ ይበልጣል ባይ ነኝ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የጄምስ ጆይስን «ዩሊሲስ» የመጨረሻ ክፍል፣ የገጸ ባሕርይዋን የሞሊ ብሉምን ንግግር፣ በዜማ ልታስገባ ፈቃድ ጠይቃ የጆይስ ወራሾች ከለከሏት። የራሷን ግጥም ጽፋ ዘፈኑን እንደ አልበሙ «ዘ ሴንሹዋል ወርልድ» ብላ አወጣችው። ከሃያ ዓመት በኋላ ፈቃዱ ሲገኝ የመጽሐፉን ቃላት በቦታው መለሰች። ለእሷ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባኛል፣ ደስም ይለኛል። ሆኖም ክልከላው የተሻለ ግጥም አስጽፏታል። የራሷ ቃላት ለዜማው ልክ ናቸው፤ የጆይስ ቃላት አንዳንድ ቦታ ይጣደፋሉ፣ ሌላ ቦታ ይለጠጣሉ። በአስር ወር ውስጥ ሐሳቤ አልተለወጠም።

የማልመለስባቸው ሁለት ናቸው። «ራበርባንድ ገርል» ድሮ ሙሉ ጉልበቱ መዝለሉ ነበር። አዲሱ ከግድግዳ ወዲያ የሚጫወት የባንድ ልምምድ ይመስላል፣ ድምፅዋም ታፍኗል። የአልበሙ መዝጊያ መሆኑ ደግሞ ይብሳል፤ ያን ሁሉ ጸጥታ ይዛችሁ መጥታችሁ በዚህ ትለያያላችሁ። ሌላው «ዲፐር አንደርስታንዲንግ» ነው። ብቸኛ ሰው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚወዳጅበት ዘፈን ነው፤ በ1989 መጻፉን አስቡት! በመጀመሪያው ቅጂ የኮምፒውተሩን ድምፅ የሰጡት ትሪዮ ቡልጋርካ የተባሉት ቡልጋሪያውያን ዘፋኞች ናቸው፤ ማሽኑ ከሰው ይልቅ ሙቀት ያለው ሆኖ ይሰማል፣ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። በ2011 ኮምፒውተሩ በልጇ በአልበርት ድምፅ፣ በማሽን ተቀነባብሮ ይናገራል። ኮምፒውተሩ እንደ ኮምፒውተር ሲናገር ሰውዬው ለምን ፍቅር እንደያዘው አይገባኝም። መጨረሻ ላይ ያለው የሐርሞኒካ ጨዋታም ለእኔ ረዝሞብኛል።

«ኤንድ ሶ ኢዝ ላቭ» ላይ አንድ ቃል ተቀይሯል። ድሮ ሕይወት ያሳዝናል ይል የነበረው መስመር አሁን ሕይወት ይጣፍጣል ይላል። ይህን ለውጥ ሳላስተውል አምስት ወር አልፎኛል። አንድ ጠዋት ልብስ እያጠፍኩ ሳለሁ ሰማሁት፣ ወደ ኋላ መልሼ ደግሜ ሰማሁት፣ ከዚያ ልብሱን ትቼ ተቀመጥኩ።

አብሬ የገዛሁት «ዘ ሆል ስቶሪ» የተባለውን የ1986 የምርጥ ሥራዎች ስብስብ ነው። እዚህ ላይ ገዥዎችን ማስጠንቀቅ እፈልጋለሁ። 12 ዘፈኖች አሉት፣ ቅደም ተከተሉ ድንቅ ነው፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ነገር ግን እዚያ ያለው «ዋዘሪንግ ሃይትስ» በ1978 ለአራት ሳምንት የብሪታንያን ሰንጠረዥ የመራው አይደለም። ሙዚቃው ያው ቢሆንም ድምፁ በ1986 አዲስ የተዘፈነ ነው። አዲሱ የበሰለ፣ ደረት ያለው፣ ቴክኒኩ የተሻለ ነው። የመጀመሪያው ግን የ19 ዓመት ልጅ ድምፅ ነው፤ በዘፈኑ ውስጥ መስኮት ላይ ቆማ አስገቡኝ የምትል መንፈስ ደግሞ መብሰል አያስፈልጋትም። ማንኛውም ድጋሚ ቅጂ ይህንን ሊተካ አይችልም፤ ያንን የሚፈልግ የመጀመሪያ አልበሟን «ዘ ኪክ ኢንሳይድ»ን ይግዛ። በ2012 ለለንደን ኦሊምፒክ መዝጊያ የዋለው «ረኒንግ አፕ ዛት ሂል»ም እንዲሁ በአዲስ ድምፅ የተዘፈነ ነውና፣ ዘፈን በኢንተርኔት ስትፈልጉ የትኛው ቅጂ እንደሆነ አጣሩ።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። «ዳይሬክተርስ ከት» በሸክላም በሲዲም አለኝ። ሸክላው ሁለት ሰሌዳ ነው፤ ድራሙና ቤዙ ላይ ያለው ሙቀት እሷ የፈለገችው ይመስለኛል። ጸጥ ባሉት ዘፈኖች ላይ ግን ትንሹ አቧራ እንኳ ጎልቶ ይሰማል። የእኔ አንዱ ሰሌዳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ነበረው፤ ሻጩ ለመቀየር ፈቃደኛ አልሆነም፣ ደጋግሜ ባጸዳውም አልለቀቀም። ስለዚህ ለእነዚያ ዘፈኖች ሲዲውን እመርጣለሁ። ምርጫ ካላችሁ ሦስት ሲዲ ያለውን እትም ፈልጉ፤ ሁለቱን የድሮ አልበሞች አብሮ ይዟል። «ዘ ሬድ ሹዝ»ም እዚያ ውስጥ ድምፁ ታድሶ ነው ያለው፣ ያ ድርቀት በግልጽ ቀንሷል።

አሁን እንዲህ ነው የማዳምጠው፦ ሲዲውን አስገብቼ በቀጥታ ስድስተኛው ትራክ ላይ እሄዳለሁ። «ዚስ ዉማንስ ወርክ»፣ «ሞመንትስ ኦቭ ፕሌዠር»፣ «ኔቨር ቢ ማይን»፤ ሦስቱ ተከታትለው ነው የተቀመጡት። ስምንተኛው ሲያልቅ አጠፋዋለሁ።