የቮልሴን ፓራውልት ክሮም ለነከሩልኝ ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

አሮጌ ቮልስ ያለው ሰው እንደሚያውቀው፣ በአዲስ አበባ የሞተሯን ጠጋኝ ማግኘት ብዙም አያስቸግርም፤ ዝገት የበላውን ፓራውልት በወጉ ኒኬልና ክሮም የሚነክር ባለሙያ ግን በቀላሉ አይገኝም። የእኔን መኪና ፓራውልቶች እንደ አዲስ ያደረጉልኝን፣ ስማቸው በአደባባይ እንዳይወጣ የጠየቁኝን አባት ዛሬ ከልብ ላመሰግናቸውና ለሌሎችም ልጠቁማቸው እወዳለሁ። የማስተምረው ኬሚስትሪ ስለሆነ ሥራውን ከጎናቸው ቆሜ ተከታትዬዋለሁና የምመሰክረው ያየሁትን ነው።

ከዚህ ቀደም ሌላ ቦታ የተነከረው የፊተኛው ፓራውልት ጠርዙ ጠቁሮና ሻክሮ ወጥቶ ነበር፤ ክረምቱ ሳይወጣም ይላጥ ጀመር። እርሳቸው ገና ሲያዩት «ይኼ ከረንት በዝቶበት የተቃጠለ ነው» አሉኝ። ፍርዳቸው ትክክል ነበር። በገንዳው ውስጥ ፓራውልቱ ከሬክቲፋየሩ (የመብራቱን ተለዋዋጭ ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ ከሚያደርገው መሣሪያ) ኔጌቲቭ ጫፍ ተያይዞ ካቶድ ይሆናል፤ ከፖዘቲቩ ጋር የተያያዙት፣ አኖድ የሚባሉት የኒኬል ሰሌዳዎች ደግሞ እየሟሙ አዮን (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የያዘ አተም) ይመግባሉ። የትኛው ሪአክሽን ሊካሄድ እንደሚችል የሚወስነው ቮልቴጁ ሲሆን፣ በየሰከንዱ ምን ያህል አዮን ወደ ብረትነት እንደሚለወጥ የሚወስነው ከረንቱ ነው። አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ቢፈስ የሚያርፈው ኒኬል 1.1 ግራም እንኳ አይሞላም። ሥራ ለማፋጠን ተብሎ ቮልቴጁ ከልክ በላይ ሲጨመር የኒኬል አዮኖቹ ወደ ካቶዱ የሚደርሱበት ፍጥነት ከከረንቱ ጋር መሄድ ያቅተዋል፤ ትርፉ ከረንት ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ በብረቱ ገጽ አጠገብ ያለው ፈሳሽ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ ኒኬል ሃይድሮክሳይድም ከሽፋኑ ጋር ተቀላቅሎ ያጠቁረዋል። ይህ ከሁሉ በፊት የሚታየው ከረንት በሚከማችበት በጠርዙ ላይ ነው።

እኚህ ባለሙያ ሥራ የሚጀምሩት የዕቃውን ስፋት በመለካት ነው። ስፋቱ 40 ካሬ ዴሲሜትር ለሆነ ዕቃ፣ በካሬ ዴሲሜትር 3 አምፔር ታስቦ 120 አምፔር ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ከአምፔር መለኪያው አይነቀልም። ቮልቴጁን ብቻ አይተው የማያምኑበት በቂ ምክንያት አላቸው፤ ገንዳው ሲቀዘቅዝ ወይም አኖዱ ሲርቅ በዚያው ቮልት የሚያልፈው ከረንት ይቀንሳልና። ስለዚህም የኒኬሉን ገንዳ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያቆዩታል፤ ከረንት እምብዛም በማይደርስበት በፓራውልቱ ጎድጓዳ በኩልም ተጨማሪ አኖድ ያስጠጋሉ።

በጣም ያከበርኳቸው ግን የመብራትን ነገር በሚይዙበት ጥንቃቄ ነው። በኒኬል ነከራ መሃል ኃይል ቢቋረጥ የኒኬሉ ገጽ ቶሎ በስስ ኦክሳይድ ይሸፈንና ቀጥሎ የሚያርፈው ሽፋን ሳይጣበቅ ቀርቶ ኋላ ይላጣል። መብራት ሄዶ ሲመለስ አብዛኛው ሰው ካቆመበት ይቀጥል ይሆናል፤ እርሳቸው ግን ዕቃውን አውጥተው ያጥቡታል፣ ገጹን በአሲድ እንደገና ያነቁታል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይመልሱታል። መስመሩ በሚዋዥቅበት ቀን ደግሞ የክሮሙን ሥራ ጭራሽ አይጀምሩም። ክሮም ከሚፈሰው ከረንት ለብረቱ የሚጠቀመው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶውን ብቻ ስለሆነ ከኒኬል እጅግ የበለጠ ከረንት ይጠይቃል፤ መቆራረጥ ሲደርስበትም የሚያብረቀርቀው ገጽ ይደበዝዛል። ከማይክሮሜትር በታች የሆነው ይህ ስስ ክሮም ድምቀትና ጥንካሬ ይሰጣል፤ ዝገቱን በዋናነት የሚከላከለው ከሥሩ ያለው ኒኬል ነው፤ ስለዚህ ኒኬሉን አሳስቶ ክሮም ማልበስ ደንበኛን መጉዳት ነው።

የክሮሙን ዝቃጭም ወደ ቱቦ አይደፉም። መርዛማውን የክሮም ዓይነት፣ ክሮም 6ን፣ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት በተባለ ኬሚካል መርዛማነቱ ወደሚያንሰው ክሮም 3 ለውጠው፣ በኖራ አዝቅጠው ያስቀምጡታል። ጎረቤቶቻቸው ይህን ባያውቁም፣ ለእርሳቸው ምስጋና ይገባቸዋል።

ሥራቸው ጊዜ ይወስዳል፤ ነገ ይድረስልኝ ለሚል ሰው አይስማሙም፤ ዋጋቸውም ከሌሎቹ ጥቂት ከፍ ይላል። የቮልስ፣ የሞተር ሳይክል ወይም የቤት ዕቃ ማስነከር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ብትጠይቁኝ፣ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ኤሌክትሮሊሲስን ለምታስተምሩ ባልደረቦቼም፣ ተማሪዎችን በጥቂት በጥቂቱ፣ መነጽርና ጓንት አድርገው ከሩቅ እንዲያዩ ለማምጣት ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል። አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።