አራት ኪሎ ያለው የልጄ ማጠናከሪያ ትምህርት፦ ከ6 ወር በኋላ የምለው

ልጄ የ12ኛ ክፍል ናቹራል ሳይንስ ተማሪ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ አራት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ይማራል። የሠፈር እናቶችና የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ "እንዴት ነው? የኔንም ላስገባው?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ባለቤቱ ስማቸው እንዲወራ አይወዱም። ስለዚህ ስም ሳልጠራ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዋና ዋናው። ትምህርቱ በሳምንት 3 ቀን ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና እንግሊዝኛ አለ። ባዮሎጂ የለም። በወር 3,200 ብር እከፍላለሁ፤ ደረሰኝ ይሰጣሉ። በአንድ ክፍል ከ15 ተማሪ በላይ አይቀበሉም። ከአደባባዩ በእግር 7 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሕንፃው አሮጌ ነው፣ ክፍሎቹ 3ኛ ፎቅ ላይ ናቸው፣ ሊፍት የለም።

እንደ ብዙ ወላጅ እኔንም ወደ ማጠናከሪያ የገፋኝ ስጋት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ብሔራዊ ፈተናውን መፈተን ሲጀምሩ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ። ያኔ ልጄ ገና ከ12ኛ ክፍል ሩቅ ነበር፤ እኔ ግን ያን ቁጥር ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እዚህ ከመምጣታችን በፊት ሌላ ቦታ አንድ ዓመት ተምሯል። ስሙን አላነሳም። ቤቱ ያምራል። መስታወት በመስታወት ነው፣ ፕሮጀክተር አለው፣ ለወላጅ በየሳምንቱ መልእክት ይልካል። አንድ ማታ ራት እየበላን ልጄ እየሳቀ "የፊዚክሱን ቲቸር አስቀየርነው" አለኝ። እንዴት? በወር አንዴ ተማሪዎች የሚሞሉት የአስተያየት ወረቀት አለ። ተስማምተው ሁሉም ዝቅተኛውን ሰጡት። ምን አጥፍቶ? "ሆምወርክ ያበዛል። ስልክ አስቀምጡ እያለ ይጨቀጭቃል።"

በማግስቱ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ልጅ በትሕትና "እናቴ፣ ደንበኛ ካልተደሰተ እንቀይራለን" አለችኝ። ደንበኛ የተባለው የ17 ዓመት ልጄ ነው። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ሥራ አስኪያጁ አንድ መምህር ኮሪደር ላይ አቁሞ ይቆጣ ነበር። መምህሩ 50 ዓመት ይሆነዋል። "አንተ፣ ስንቴ ነው የምነግርህ?" ይለዋል። ያረፈደው 5 ደቂቃ ነው አሉ። ተማሪዎቹ በሩ ላይ ተደርድረው ያያሉ፣ አንዳንዶቹ ስልክ አውጥተዋል። መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ወደ ክፍል ገባ። እስቲ አሁን ያ ሰው ገብቶ "ዝም በሉ" ቢል ማን ይሰማዋል?

ቤት ስንመለስ ለልጄ ያዘንኩበትን ነገርኩት። እሱም "ማሚ፣ እኛ በምንከፍለው አይደል እንዴ የሚበላው?" አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። ያየውን ነው የተናገረው። እኔ ግን ያን ማታ እህል አልወርድልኝ አለ።

ምክንያት አለኝ። አባቴ መምህር ነበር፤ 31 ዓመት አስተምሯል። የካቲት 1966 ላይ መምህራን የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለውን የመንግሥት የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ ገና ጀማሪ ነበር። መምህር ሲናገር አገር ጆሮውን የሚሰጥበት ዘመን ነበር ይለን ነበር። የሸሚዙ እጅጌ ሁልጊዜ ጠመኔ ነበረበት። በመንገድ ሲያልፍ እሱ ያላስተማራቸው ሰዎች ሳይቀሩ ከተቀመጡበት ብድግ ይሉለት ነበር። ደሞዙ ግን ትንሽ ነበር፤ እናቴ ወሩን የምታደርሰው በመከራ ነው።

ግን ያለፈውን ሁሉ አላወድስም። አባቴ ራሱ ፊደል የቆጠረው ቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታን ሲያነሳ ድምፁ ይለወጥ ነበር። "የኔታ" ማለት "የኔ ጌታ" ነውና፣ ውሃ ቀድቶላቸዋል፣ እንጨት ለቅሞላቸዋል። ትከሻው ላይ ደግሞ የአለንጋ ጠባሳ ነበረው። ሁለቱንም በአንድ ፍቅር ያወራቸው ነበር። እኔ ግን 7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን በጎማ ሲገርፈን ያተረፍኩት ሒሳብ መጥላትን ብቻ ነው። ሲገባ ብድግ እንል ነበር፣ ትንፋሻችን አይሰማም ነበር። ፍርሃት ነበር እንጂ አክብሮት አልነበረም። ሲወጣ የምንለውን ብትሰሙ! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ሲያስቀምጥ፣ እንደኔ ጎማ የቀመሰ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እንግዲህ ልጄን ይዤ አዲሱ ቤት ስሄድ እነዚህን ሁለቱን በሆዴ ይዤ ነው። ጎማውንም አልፈልግም፣ "እኛ በምንከፍለው"ንም አልፈልግም።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ተማሪዎቹ ጋሼ ይሏቸዋል። ስለ ክፍያ ከመነጋገራችን በፊት እኔንና ልጄን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጡንና ደንባቸውን ነገሩን። ተማሪው በሰዓቱ ይመጣል። ስልኩን በር ላይ ካለችው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል። መምህሩ ላይ ቅሬታ ካለው መጀመሪያ ለራሱ ለመምህሩ፣ ከክፍል በኋላ፣ ፊት ለፊት ይነግረዋል። "ለኔ አይደለም። ለእናትህም አይደለም። ካልሰማህ ያኔ ወደኔ ትመጣለህ" አሉት።

ቀጥለው የመምህሩን ነገሩት። መምህር አይሳደብም፣ አይማታም። ደብተር ከተቀበለ በ2 ቀን አርሞ ይመልሳል። ካረፈደ ተማሪዎቹን ይቅርታ ይጠይቃል። ይሄን ሁሉ ልጄ እየሰማ ነው የተናገሩት። የወደድኩት ይሄንን ነው። ከልጁ የሚጠበቀውንና ልጁ የሚጠብቀውን በአንድ ጊዜ ነው የሰማው።

ደንብ ማንም ያወጣል። ሲሠራ ያየሁት ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ነው። ልጄን ልወስድ ቀድሜ ደርሼ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። የሒሳቡ መምህር ወጣት ነው፣ 30 አይሞላውም። ዴሪቬቲቭ ያስተምራል፤ አንዱ ፋንክሽን ለሌላው ሲካፈል እንዴት እንደሚሠራ። ሰሌዳውን ሞልቶ ሊጨርስ ሲል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ቅደም ተከተሉ ተገላብጧል መሰለኝ። የላዩ ዴሪቬቲቭ ነው ቀድሞ የሚመጣው።"

መምህሩ ዞሮ አየው። ትንሽ ዝም አለ። "ትክክል ነሽ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስህተት ነው" አለና ግማሹን ሰሌዳ አጠፋው። ከዚያ ለምን ሰው እዚህ ቦታ ላይ እንደሚሳሳት አስረዳቸው። ስትደምር ማንም ቀድሞ ቢመጣ ለውጥ የለውም፤ እዚህ እንደሚደረገው ስትቀንስ ግን ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መልሱ ምልክቱን ይቀይራል። "ፈተና ላይ አራቱ ምርጫ ውስጥ ይሄ የተሳሳተው መልስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል" አላቸው። ማንም አልሳቀም። እንደገና አብረው ሠሩት።

ታክሲ ውስጥ ልጄ ያንን ነገር በኩራት ነው ያወራኝ። "ማሚ፣ ቲቸር እኮ አመነ!" አለኝ። በድሮው ቦታ ቢሆን ያ ስህተት ያን ማታ ቴሌግራም ላይ መቀለጃ ይሆን ነበር። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን መምህር ሲጠራ "እሳቸው" ማለት ጀመረ። ማንም አላዘዘውም። የዕድሜያቸው ልዩነት 10 ዓመት ቢሆን ነው።

ቴሌግራምን ካነሳሁ አይቀር። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጭቶ የተሰረዘበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። መልስ ከሌላ ቦታ ይመጣልኛል ብሎ የሚጠብቅ ልጅ መምህር ምን ያደርግለታል? ሳይሰማው ቢውል ምን ይጎድልበታል? የልጆቻችን ንቀት ግማሹ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። እዚህ ቤት የሚሰጡት የቤት ሥራ መልሱ ብቻ ቢጻፍ ዜሮ ነው። መንገዱን ማሳየት አለባቸው። ያቺ ነገር ልጁን ወደ መምህሩ መልሳዋለች፤ ምክንያቱም መንገዱን የሚያውቀው መምህሩ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ቆይቼ ነው ያወቅኩት። የሒሳቡ መምህር ቀን መንግሥት ትምህርት ቤት ሲያስተምር ይውላል። ሁለት ታክሲ ይዞ ነው 11 ሰዓት የሚደርሰው። የቤት ኪራዩን የሚሸፍንለት ይሄ የማታው ሥራ ነው። ጋሼ ወር በገባ በ25 ሳይዛነፍ ይከፍሏቸዋል፤ የወላጅ ክፍያ ቢዘገይም የመምህር አይዘገይም። ሻይ በቴርሞስ ይዘጋጅላቸዋል። ተማሪ ፊት ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አያናግራቸውም። ልጆች ይሄን ሁሉ ያያሉ። እኛ "አስተማሪህን አክብር" ከምንላቸው ይልቅ ሌላው ትልቅ ሰው መምህሩን እንዴት እንደሚይዘው ነው የሚማሩት። እኔም ራሴ ማታ 3 ሰዓት ላይ መምህራኑን እየደወልኩ "ውጤቱ እንዴት ነው?" እል ነበር። ትቻለሁ። አሁን ቅዳሜ መጥቼ፣ ቆሜ ጠብቄ፣ "መምህር፣ 5 ደቂቃ ይኖርዎታል?" ብዬ ነው የምጠይቀው።

አሁን ጉድለቱን ልናገር፤ አለው።

የእንግሊዝኛው ክፍል ደካማ ነው። መምህሩ ከወረቀት ላይ ሰዋስው ያነብላቸው ነበር። ሁለት ቀን አርፍዶም ይቅርታ አልጠየቀም። ልጄ በደንቡ መሠረት ሄዶ ነገረው። "ቲቸር፣ ፈተና ላይ የሚከብደን ምንባቡ ነው፤ እሱን ብንሠራ" አለው። መምህሩ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ። ልጄም ፈርቶ ነው የመጣው። በሳምንቱ ግን ሁለት ምንባብ አባዝቶ መጣ። ተሻሽሏል፣ ግን ለዚህ ትምህርት ብቻ ብላችሁ ከሆነ አትምጡ።

የኬሚስትሪው መምህር ታመው 4 ክፍለ ጊዜ ቀርቷል። ተተኪ አልመጣም። ይካካሳል ተባለ፣ የተካካሰው 2 ብቻ ነው። ጋሼን ስጠይቃቸው ስለ መምህሩ ሕመም እንጂ ስለ ቀረው ሰዓት ብዙ አልነገሩኝም። ለመምህር መቆርቆራቸውን እወድላቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ልጆቹ ተበድለዋል። ይሄን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ።

መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የለም፤ በቻርጅ የሚሠራ አምፖል ነው የሚያበሩት፤ ከኋላ ለተቀመጠ ሰሌዳው አይታይም። ወንበሮቹ መጻፊያቸው የተሰበረ አለ። መጸዳጃው ንጹሕ ነው፣ ግን ለሁሉም አንድ ነው። መምህር ሲገባ ተማሪዎቹ ብድግ ይላሉ። ይሄ ባይኖርም ቅር አይለኝም፤ የ7ኛ ክፍሌን ያስታውሰኛል። ልጄን ስጠይቀው "ደስ ይላል፣ አንድ ነገር እንደሚጀመር ነው" አለኝ። እንግዲህ እሱ ከወደደው።

ውጤቱን ለምትጠይቁኝ፣ ሒሳብ በትምህርት ቤቱ ሞዴል ፈተና ከ48 ወደ 67 ወጥቷል። ፊዚክስ ከ51 ወደ 55፤ እዚህ ላይ ብዙ ይቀረናል። እንግሊዝኛ ያው ነው። ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ። የቀነስኩት አንዱ ለኬሚስትሪውና ለእንግሊዝኛው ነው።

መመዝገብ የምትፈልጉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ9 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ጋሼ ራሳቸው ናቸው የሚቀበሉት። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወላጅ ብቻውን ከመጣ አይመዘግቡም። የሪፖርት ካርድ ኮፒና 2 ጉርድ ፎቶ ያዙ። ሚያዝያ ከገባ ቦታ አይገኝም። እኔ ታናሽ እህቱን ለክረምቱ አስመዝግቤያታለሁ። 9ኛ ክፍል ትገባለች፣ ሒሳብ አትወድም፣ እናቷን ነው የወጣችው። ያን ወጣት መምህር እንዲመድቡላት ለምኜ ነው የተመለስኩት፤ "እሱም ይጠየቃል" ብለውኛል።