የአባታችንን ምርቃት ከነድምፁ ለመለሰልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ለአንድ ወጣት የቪዲዮ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና እንደ እኔ የቤተሰቡን ቪዲዮ በቤቱ ኮምፒውተር ሲያቀናብር መላው የጠፋበት ሰው ካለ ወደ እርሱ እንዲሄድ ለመጠቆም ነው።

አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ካረፉ አሥር ዓመት ሞላቸው። ለሙት ዓመታቸው እንዲደርስ በማሰብ፣ በ1988 ዓ.ም. የታላቅ እኅቴ ሠርግ ከተቀረጸበት የቪኤችኤስ ካሴት የተገለበጠውን፣ በኋላም በስልክ የተነሡትን አጫጭር ቪዲዮዎች አንድ ላይ አድርጌ ፊልም ለመሥራት ተነሣሁ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ስለሆንኩ ጊዜ አላጣሁም፤ መቁረጡንና መቀጠሉንም ከልጄ ተምሬ ራሴ ሠራሁት። ያቃተኝ መጨረሻው ነው። ሬንደር ሳደርገው፣ ማለትም የቀጣጠልኩትን አንድ ፊልም አድርጎ እንዲያወጣልኝ ኮምፒውተሩን ሳዝዘው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድርና 83 በመቶ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። እንደ ምንም ክፍል ክፍሉን አውጥቼ ስገጣጥመው ደግሞ ድምፁና ምስሉ አይገናኙም፤ የአባቴ ከንፈር ከተከደነ በኋላ ምርቃታቸው ይሰማል። ዲስክ ላይ በርን ላድርገው (ልቅዳው) ብዬ ያበላሸኋቸው ሰባት ዲቪዲዎች ዛሬ በጓሯችን ጎመን ላይ ተሰቅለው ወፍ ያባርራሉ፤ ባለቤቴ ቢያንስ ለዚህ ጠቀሙ ትላለች።

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን ሳልናገር ባልፍ ምስጋናዬ ጎደሎ ይሆናል። የመጀመሪያው ሱቅ 3,500 ብር በቅድሚያ ተቀብሎ አሥራ ዘጠኝ ቀን «ነገ ይምጡ» ሲለኝ ከረመ። በመጨረሻ የሰጠኝ ዲስክ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፣ እናታችን ቤት ባለው ማጫወቻ ላይ ግን ጨርሶ አይነበብም። ይህንኑ ስነግራቸው ማጫወቻው አርጅቷልና ሌላ ግዙ አሉኝ። ሁለተኛው ቦታ የባሰ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ቫይረስ አለበት ብለው እኔን ሳይጠይቁ ፎርማት አደረጉት፤ የሁለት ወር ሥራዬም አብሮ ጠፋ። ከካሴቱ የተገለበጠው ቪዲዮ በሌላ ሃርድ ዲስክ ባይቀመጥ ኖሮ ምን ይውጠኝ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ሁሉንም እንደ አዲስ ሠርቼ ሬንደር ባደርገው ያው ቦታ ላይ ቆመ። ሦስተኛው ሰው ደግሞ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሣ «ዛሬ ማን ዲቪዲ ያያል? ዩቲዩብ ላይ ይጫኑት» አለኝ። የሰማንያ አንድ ዓመት እናቴ ዩቲዩብን ከየት ያመጡታል?

ወደዚህ ባለሙያ የመራኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ሱቁ ቀድሞ ፒያሳ ነበረ፤ አሁን ስድስት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይሠራል። ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት አስቀምጦ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ የሚቆመው 83 ላይ ነው?» አዎ አልኩት። «እንግዲያው ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚያንቀው ነገር አለ» አለና ፊልሙን ወደዚያ አካባቢ ወስዶ ያየው ጀመር። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። የእኅቴ ልጅ በስልኳ ቀርጻ የላከችው የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ኖሯል። ለይቶ አወጣው፣ በሌላ ዓይነት ቀይሮ መለሰው፣ ሬንደሩም ያለ ችግር አለፈ። ምን ወደ ምን እንደለወጠው አስረድቶኝ ነበር፤ እኔ ግን አልያዝኩትም።

ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ግን ድምፁን ያስተካከለበትን ምሽት ነው። የመዝጊያው ሰዓት አልፏል፤ የሰፈሩ መብራትም ጠፍቶ በባትሪ ነበር የምንሠራው። አባቴ ሙሽሮቹን ከመመረቃቸው በፊት የያዙትን ብርሌ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ወጣቱ ይህችን ቅጽበት መረጠ። የብርሌው ቂጥ ጠረጴዛውን የሚነካበትን ምስል አቆመ፤ ከታች በተዘረጋው የድምፅ መስመር ላይ «ቃ» የሚለውን ሹል ምልክት ፈልጎ አገኘና ሁለቱን ትይዩ አደረጋቸው። ከዚያ አጫወተው። አባቴ «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ ከንፈራቸውና ድምፃቸው አንድ ሆነ። እኔ ያለቀ መስሎኝ ስነሣ እርሱ ግን ወደ ምርቃቱ መጨረሻ ሄዶ ድምፁ እንደገና በጥቂቱ እንደሚንሸራተት አየና ያንንም አስተካከለ። «እናትዎ የሚያዩት ሌላውን ሳይሆን አፋቸውን ነው» አለኝ።

በማግሥቱ የእናታችንን ማጫወቻ ይዤ እንድመጣ ጠየቀኝ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዲስኩን በዝቅተኛ ፍጥነት በርን አድርጎ እዚያው በዚያው ማጫወቻ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሞከረው። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሆነ፣ 4.7 ጊጋ ባይት በሚይዝ ተራ ዲቪዲ ላይ ቢጨናነቅ ምስሉ ይደበዝዛል ብሎ በሁለት ዲስክ ከፈለው። ወደ ውጭ የሚላክ እንዳለም የጠየቀኝ እርሱ ነው። ሙሽራይቱ እኅቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደምትኖር ስነግረው፣ እኛ አገር የምንጠቀምበት ፓል የሚባለው የቪዲዮ አሠራር በሰከንድ 25 ምስል፣ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ደግሞ 30 ገደማ ስለሆነ የእኛን ዲስክ እዚያ ያሉ ብዙ ማጫወቻዎች እንደማይቀበሉት ነግሮኝ ለእርሷ ለብቻ አዘጋጀላት። ለዚህ ሁሉ የተቀበለኝ 1,500 ብር ብቻ ነው፤ ልጨምርልህ ብለው አሻፈረኝ አለ።

በሙት ዓመቱ ዕለት እናታችን ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ነጠላቸውን አስተካክለው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ለቴሌቪዥኑ «አሜን» እያሉ ምርቃቱ እስኪያልቅ ድረስ ቆመው ተቀበሉ። እኅቴም ዲስኩ እንደሠራላት ደውላ ነገረችኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን መናገር አቅቷት ስልኩን ለባሏ ሰጠችው።

እባካችሁ፣ ካሴት ያላችሁ ሰዎች፣ ሥራችሁን ለዚህ ልጅ ስጡት። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ስለለመነኝ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ በደስታ እሰጣለሁ። ብቻውን ስለሚሠራ ሳትደውሉ አትሂዱ፤ ስትሄዱም ዲስኩ የሚታይበትን ማጫወቻ ከነሪሞቱ ያዙ።