ስላክ ለሶፍትዌር ቡድን፦ ለወሬ ደህና፣ ለማህደር ግን ደካማ
የቡድን መልእክት መለዋወጫ የሆነውን ስላክን ለፕሮግራመሮች የሚያስመርጠው ትሬድ፣ ማለትም ከአንድ መልእክት ሥር የሚከፈት ንዑስ ውይይት ነው። የአንድ ጥያቄ መልስ ሁሉ ከጥያቄው ሥር ስለሚሰበሰብ ቻናሉ (የጋራ መወያያ ክፍሉ) አይዝረከረክም። ችግሩ፣ ትሬድ ውስጥ የተደረሰበት ውሳኔም እዚያው ተቀብሮ ይቀራል፤ በውይይቱ ላልተሳተፈና ስሙ ላልተጠራ ሰው ማሳወቂያ አይደርሰውም። የመጨረሻውን መልስ ስትጽፉ ወደ ቻናሉም እንዲላክ ሳጥኗ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ውሳኔውን ደግሞ ትኬቱ (የሥራው መከታተያ መዝገብ) ላይ ገልብጡት።

ስላክን ከኮድ ማስቀመጫው ጊትሃብ ጋር የሚያያይዘው ማገናኛ ጠቃሚ ነው፤ እንዳለ ከተዋችሁት ግን ቻናሉን ያጥለቀልቀዋል። ሪፖዚቶሪ (የአንድ ፕሮጀክት የኮድ ማከማቻ) ሲያያዝ ስለ ኢሹ (የተመዘገበ ችግር ወይም ሥራ)፣ ፑል ሪኩዌስት (ለውጥ ይቀላቀል የሚል ጥያቄ)፣ ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ)፣ ሪሊዝ (አዲስ እትም) እና ዲፕሎይመንት (ኮዱን ሥራ ላይ ማዋል) ማሳወቂያዎች ተግተልትለው ይመጣሉ። ኮሚቱን አጥፉት፤ ለፑል ሪኩዌስት የራሱን ቻናል ስጡት። ማሳወቂያ የበዛበት ሰው ቻናሉን ድምፅ ያጠፋበታል፤ ከዚያ ሰርቨር ቢወድቅም ሰሚ የለም።

በአት ምልክት (@) «ቻናል» ብሎ መጥራት ኦንላይን ላልሆነውም ይደርሳል፤ «ሂር» የሚለው በዚያ ሰዓት ላሉት ብቻ ነው። በተለያየ የሰዓት ክልል ለሚሠራ ቡድን ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ነፃው ዕቅድ የ90 ቀን መልእክት ብቻ ያሳያል፣ 10 መተግበሪያ ያገናኛል፣ በሃድል ጥሪም ከሁለት ሰው በላይ አያስገባም። ውሳኔውን ሌላ ቦታ ለሚመዘግብ ትንሽ ቡድን ይበቃል። «ይህን ኮድ ለምን እንዲህ ጻፍነው?» የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ወራት ካለፉ በኋላ ነው፤ ያኔ ፍለጋው ባዶ ይመልሳል። መክፈል ካልፈለጋችሁና ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ካላችሁ ዙሊፕ የተባለውን ተመሳሳይ መተግበሪያ ሞክሩት፤ የቻናል መልእክቶቹ በርዕስ የተከፋፈሉ ናቸው፣ በራስ ሰርቨር ላይ ሲጫንም ታሪኩ አይቆረጥም።