አደራ የሚያውቅ ሰው አግኝቻለሁ፤ ጎንደር ላይ ከብት ላላችሁ ሁሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን የጎንደርና የአካባቢዋ ሰዎች። አብዛኛውን ጊዜ እዚህ የምጽፈው ድርቆሽ የሚሸጥ ካለ ለመጠየቅ ነው። ዛሬ የመጣሁት ቤት በሌለሁበት ከብቶቼን የጠበቀልኝን አንድ ልጅ ለማመስገን ነው። ቢረዝምባችሁም እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ በረት ውስጥ ላም አስሮ መንገድ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

የምንኖረው አዘዞ ነው። 3 ዲቃላ ላሞችና አንዲት ጊደር አሉን። ባለቤቴ ደግሞ ደንቢያ ከአባቱ የወረሰው መሬት ስላለው ከኅዳር እስከ ጥር ቤት አይገኝም። ጤፉ ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ ይወቃል፤ እሱ ሳያልቅ ሽምብራው ይደርሳል። ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው፣ አማቴ ሰማንያን ተሻግረዋል። "ገበሬ በበጋ ያርፋል" የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የእኛን ቤት ቢያዩት አይሉም ነበር። አራስ የሚጠየቀው፣ ሰርግ የሚደገሰው፣ ስለት የሚገባው፣ ለጥምቀት እንግዳ ከየአገሩ የሚመጣው ሁሉ በዚሁ በጋ ነው። የክረምቱ ጭድም ውቂያ ላይ ረከስ ሲል ካልተገዛ ሐምሌ ላይ አይቀመስም። ይሄ ሁሉ በሁለት ወር ውስጥ ተደራርቦ ይመጣል፤ ላም ደግሞ በዓል ነው ብላ አትጠብቅም፣ ጠዋትና ማታ መታለብ አለባት።

ባለፉት ዓመታት ከቤት በወጣሁ ቁጥር ያየሁትን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው። ከብቶቹን አደራ የሰጠኋቸውን ሰዎች ስም አልጠራም፣ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱ ወተቱን በውኃ እያቀጠነ ሸጦ ለስንት ዓመት ያቆየሁትን የካፌ ደንበኛ አሳጣኝ። አንዱ በደላላ የመጣ ነበር፤ ደላላው ብሩን ተቀበለ፣ ሰውየው በሦስተኛው ቀን ጠፋ፣ አማቴ በምርኩዝ ወጥተው ጎረቤት ለምነው አሳለቡ። ይህስ ይሁን። ከልቤ ያልወጣልኝ የዛሬ ሁለት ዓመቱ ነው።

ስለት ነበረብኝና ለገና ላሊበላ ሄድኩ። ካህናቱ ቤተ ማርያም ላይ ከላይና ከታች ሆነው "ቤዛ ኩሉ" ሲሉ እንባዬ ይወርድ ነበር። ሄጄ እስክመለስ ከብቶቹን አደራ ለሰጠሁት ሰው በየቀኑ እደውላለሁ። "ላሚቱ ወለደች?" "ወልዳለች፣ ሰላም ነው።" "ትበላለች?" "ሰላም ነው እትዬ፣ ምንም አያስቡ።" በማግስቱም ሰላም ነው፣ በሦስተኛውም ቀን ሰላም ነው። ቤቴ ስገባ በረት ውስጥ የጠበቀኝ ባዶ ገመድ ነው። ከወለደች በኋላ ተኝታ አልተነሳችም ነበር። "ደክሟት ነው፣ ትነሳለች" እያለ ሁለት ቀን ሙሉ አስተኝቷት ሞተች። የላሟ መሞት አቃጥሎኛል፤ ከእሱ ይልቅ ግን ያቃጠለኝ እኔ እዚያ ቆሜ "ተመስገን" ስል በስልክ ሲዋሸኝ መክረሙ ነው። እውነቱን ቢነግረኝ ሐኪም እልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቤቴ ውጭ አድሬ አላውቅም። የእህቴን ልጅ ሰርግ እንኳ ጠዋት ሄጄ ማታ ተመለስኩ፤ እህቴ እስከ ዛሬ ቅር ብሏታል።

ዘንድሮ ግን የማይቀር ነገር መጣ። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ደረሰች። የአውሮፕላን ቲኬቱን ራሷ ቆርጣ ላከችልኝ። የቦቃ መውለጃም ከልጄ ጋር ገጠመ። ቦቃ ዋናዋ ላማችን ናት፤ የልጆቹ ደብተርም ዩኒፎርምም ከእሷ ጡት ነው የሚወጣው። እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ፋጉሎ የምገዛቸው እናት "አንድ ልጅ አለ፣ ሰው መንገድ ሲሄድ ከብት እያደረ የሚጠብቅ፣ እሱን አናግሪው" አሉኝ። ልቤ አላመነም፣ ግን ጠራሁት።

ሌሎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት ትከፍያለሽ ነው። እሱ ሰላምታ ሰጥቶ በቀጥታ በረት ገባ። እያንዳንዷን ላም ዳሰሰ፣ የትኛዋ እንደምትራገጥ ጠየቀ። ቦቃ ጋ ሲደርስ "ስንተኛዋ ነው?" አለኝ። "አራተኛ።" "ወልዳ ተኝታ ታውቃለች?" እሷ አታውቅም አልኩትና የሞተችብኝን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "እትዬ፣ እኔ ክፉም ሆነ ደግ እንደሆነው ነው የምነግርዎት። ሌሊትም ቢሆን እደውላለሁ፣ እንዳይከፋዎት" አለኝ። የሐኪሙን ስልክ ተቀበለኝ፣ እፊቴ ደውሎ መሥራቱን አረጋገጠ። ታኅሣሥ 15 ቀን ሄድኩ።

ልጄ ታኅሣሥ 26 በሰላም ተገላገለች፣ ወንድ ልጅ። የገና ሌሊት ገንፎ አገንፍቼ፣ አራሷን አስተኝቼ ጋደም እንዳልኩ ስልኬ ጠራ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት። "እትዬ፣ ቦቃ አመሻሽ ላይ ወልዳለች፣ ሴት ናት፣ እንገሩንም ጠጥታለች። እናቷ ግን ደህና አይደለችም። ጆሮዋን ስነካው በረዶ ሆኗል፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ተኝታለች። ሐኪሙን ቀስቅሼዋለሁ፣ እየመጣ ነው። ስልኩን አልዘጋም።"

ጉልበቴ ከዳኝ። ግን አልዋሸኝም! ስልኩ ተከፍቶ ከሩቅ የአዘዞ ተክለ ሃይማኖት ቅዳሴ በድምጽ ማጉያ ይሰማኛል፣ ከቅርብ ደግሞ የእሱ "አይዞሽ፣ አይዞሽ ቦቃ" ማለት። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ 43 ቀን የጾመ ልጅ የገናን ሌሊት በረት ውስጥ ከእኔ ላም ጋር አደረ። በጎኗ እንዳትጋደም ጭድ የሞላ ማዳበሪያ ደግፎ፣ በሌላው በኩል በራሱ ጉልበት ይዟት ነበር። ሐኪሙ ደርሶ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት በአንገቷ ደም ሥር ቀስ አድርጎ ሰጣት። ወተቱ ሲመጣ ከደሟ የሚጎድል ነገር አለ ብሎ አስረድቶኛል፣ እኔ እንኳ በደንብ አልገባኝም። የገባኝ ልጁ ጆሮዋን ነክቶ ማወቁና ሳይነጋ መጥራቱ ነው። 11 ሰዓት ሲሆን በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ፤ ቦቃ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ቆማ ጥጃዋን ትልሳለች። እልል ብዬ ቤቱን ቀሰቀስኩት። ልጄ "እማ ምን ሆንሽ?" ስትለኝ መናገር አቃተኝ።

ጥር 8 ስመለስ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ሰጠኝ። በየቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፏል፦ "ዳማ፣ ጠዋት 5 ሊትር፣ ማታ 4።" ጾም ላይ ወተት ፈላጊ ስለሚቀንስ ያልተሸጠውን ለይቶ "ለእርጎ" ብሎ ጽፏል፤ እሱን አማቴ የጎረቤት ልጅ አስገፍተው ቅቤው ለገና ተሸጦ ነበር። ገና ጠዋት ላይ ያለው መስመር "ቦቃ ተነሳች፣ ተመስገን" ብቻ ነው የሚለው። ከደብተሩ ጋር ደረሰኝና የተረፈ ብር በፌስታል ቋጥሮ፣ ሳንቲሙ ሳይቀር። ጭዱም ተገዝቶ፣ ተከምሮ፣ አናቱ ሸራ ለብሷል። እኔ ጭድ ግዛ አላልኩትም፤ ባለቤቴን ደውሎ አስፈቅዶ ነው የገዛው።

አማቴ ደግሞ የነገሩኝን ልጨምር። ማታ ማታ አልቦ ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ገብቶ አጠገባቸው ይቀመጥ ነበር አሉ። "እማማ፣ ቡና ለብቻ አይጠጣም" እያለ ጀበናውን ራሱ ይጥድላቸዋል። 23 ቀን ሙሉ። እኔ የተዋዋልኩት ለከብቶቹ ነበር። አማቴ አሁን ማታ ሲሆን በር በር ያያሉ።

የከተራ ዕለት "ዛሬ እኔ አልባለሁ፣ እርስዎ ታቦት ያጅቡ" ብሎ ራሱ መጣ። ከስንት ዓመት በኋላ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር እስከ ፋሲለደስ መዋኛ ታቦት አጅቤ፣ ሰዓት ሳላይ፣ ሳልሮጥ አመሸሁ።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ሰው በፋኖስ ተፈልጎ አይገኝም። መንገድ ያለባችሁ፣ አራስ የምትጠይቁ፣ ታማሚ የምታስታምሙ፣ ስለት ያለባችሁ፣ ከብታችሁን ለእሱ ሰጥታችሁ ሂዱ። በእኔ ይሁንባችሁ። ደግሜ እላለሁ፣ በእኔ ይሁንባችሁ! ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልልኝ፣ የእናትህን ዕድሜ ያርዝመው።

ስሙንና ስልኩን አደባባይ እንዳላወጣ ለምኖኛልና በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ቤት በላይ አይዝም፤ ለፋሲካ የምትፈልጉት ከአሁኑ አናግሩት። ስትደውሉለት ደግሞ ላማችሁ መቼ እንደምትወልድና ስንተኛዋ እንደሆነ ይዛችሁ ጠብቁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።